ቴሌስኮፕ ባይኖርሽም ሰማዩ አለሽ

ሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ የሆነች እህታችን እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «አስትሮኖሚ መሥራት እፈልጋለሁ። ግቢያችን ግን ቴሌስኮፕ የለም። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ኢንተርኔቴም በፓኬጅ ነው። ቤተሰቦቼ ‹ኮከብ በማየት እንጀራ አይበላም› ይሉኛል። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ የቴሌስኮፑ ነገር አያስጨንቅሽ። ዛሬ አስትሮኖመር አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ኮምፒውተር ላይ ነው። ትልልቅ ቴሌስኮፖች ካነሱት ምስል ብዙው በነፃ ተለቅቋል።

አላዲን በሚባለው ሶፍትዌር ጀምሪ። ፈረንሳይ ውስጥ ስትራስቡርግ ያለው የአስትሮኖሚ መረጃ ማዕከል የሠራው ነው። አላዲን ላይት የሚባለው በብራውዘር ይከፈታል፤ ምንም መጫን አያስፈልግም። ሰማዩ እንደ ጎግል ማፕ በትንንሽ ቁራጮች ተከፋፍሎ ስለተቀመጠ የሚወርደው የምታዪው ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ፓኬጅሽን ቶሎ አይጨርስብሽም።

ፍለጋው ላይ ኤም 45 ብለሽ ጻፊ። ሰባቱ ከዋክብት ይመጡልሻል። በተለመደው ብርሃን በተነሳው ምስል ከዋክብቱን ሰማያዊ ጭጋግ ከቧቸዋል። ከዚያ ዋይዝ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በኢንፍራሬድ (ዓይናችን በማያየው የሙቀት ብርሃን) ወዳነሳው ቀይሪ። ያ ጭጋግ አቧራ እንደሆነና አቧራው ራሱ ሙቀት እንደሚረጭ ታያለሽ። እኔ እስካሁን ይህን ሳይ ይገርመኛል።

ብዙ ተማሪ ግን እዚህ ላይ ይቆማል። ስክሪንሾት ያነሳል፣ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል፣ አለቀ። ለሥራ የሚያበቃሽ ምስሉን መጠየቅ መቻልሽ ነው። ለምሳሌ፦ እዚህ ከሚታዩት ከዋክብት የትኞቹ በእውነት የአንድ ቤተሰብ ናቸው? የትኞቹስ ከፊት ወይም ከኋላ ያሉ እንግዶች ናቸው?

መልሱ ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ባዘጋጀችው ካታሎግ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው እትም ወደ 1.8 ቢሊዮን የሚጠጉ የሰማይ አካላት ተመዝግበዋል። ላፕቶፕሽን ላለማስጨነቅ ከ15 ማግኒቲዩድ የደመቁትን ብቻ ውሰጂ፤ ማግኒቲዩድ የድምቀት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮከቡ ይደምቃል። የሰባቱ ከዋክብት ቤተሰቦች አብረው ይጓዛሉ፦ በዓመት ወደ ምሥራቅ 20፣ ወደ ደቡብ 45 ሚሊአርክሰከንድ (እጅግ ትንሽ የማዕዘን መለኪያ) ያህል። ርቀታቸውን የሚነግረን ፓራላክሳቸውም 7.4 ሚሊአርክሰከንድ አካባቢ ነው። ከዚህ የራቀውን አውጪ። የቀሩትን በኮምፒውተር በሚጫነው አላዲን ምስሉ ላይ ደርቢያቸው። ከዚያ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቀለማቸውንና ድምቀታቸውን ግራፍ ላይ አስቀምጪ። አስትሮፓይ የሚባለው ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ይረዳሻል። ኮዱን ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አድርጊ፤ ስለ ሥራሽም ሁለት ገጽ ጻፊ።

«ፓይተን እችላለሁ» የሚል ሲቪ በየቀኑ አያለሁ። ከጥያቄ ተነስቶ መልስ ላይ የደረሰ ሥራ ያያያዘ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ወደ ቤተሰቦችሽ ስጋት ልምጣ። እውነት አላቸው፤ አልዋሽሽም። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ነገር ግን አገራችን ውስጥ በአስትሮኖመርነት የሚቀጠረው ሰው ጥቂት ነው። ይሁንና ይህ ሙያ የሚያስተምርሽ ነገር ሰማይ ላይ አይቀርም። የሰማይ ምስል ፊትስ በሚባል ፋይል ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ፒክስል ቁጥር ነው፣ ቁጥሩም አድራሻ አለው። መሬትን የሚያነሳ የሳተላይት ምስልም እንደዚያው ነው። ሰብል የሚከታተለው፣ ጎርፍ የሚያጠናው፣ ከተማ የሚለካው ባለሙያ የሚፈልገው ይኸንኑ ችሎታ ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ያመጠቀችው በታኅሣሥ 2012 ነው። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። ስለዚህ ዲግሪሽን አትቀይሪ። ጎን ለጎን አንድ የጂአይኤስ (የካርታና የመልክዓ ምድር መረጃ ሥራ) ኮርስ ጨምሪ። ለቤተሰቦችሽም ይህንን አስረጃቸው።

ኅዳር ላይ አመሻሹን በምሥራቅ በኩል ቀና በይ፤ ሰባቱ ከዋክብት ሲወጡ ታያቸዋለሽ። እስከዚያ ግራፉን ሠርተሽ ስንት የቤተሰብ አባል እንዳገኘሽ ጻፊልኝ። የማመልከቻ ደብዳቤሽን ያኔ አብረን እናየዋለን።