«የባትሪ ፓክ ብየዳ መተዳደሪያ ይሆነኛል ወይ?»

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ከላክሽልኝ ሁለት ፎቶግራፎች ጋር በጥሞና ተመልክቻለሁ። በኢንዱስትሪያል ኤሌክትሮኒክስ ደረጃ 4 ጨርሰሽ አዳማ ውስጥ በሞባይል ጥገና ቤት ተቀጥረሽ እንደምትሠሪ፣ ማታ ማታ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪዎች ያወጣሻቸውን 12 ሴሎች (በውስጣቸው ያሉትን ነጠላ ባትሪዎች) በኒኬል ስትሪፕ፣ ማለትም በስስ የኒኬል ጥብጣብ፣ በይደሽ መብራት ሲጠፋ አምፖልና ዋይፋይ የሚያሠራ ፓክ (የተያያዙ ሴሎች ስብስብ) እንደሠራሽ፣ ይህን ያዩ ሰዎችም ለኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል የሚሆን ባትሪ እንድትሠሪላቸው እየጠየቁሽ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። ጥያቄሽ ሥራሽን ለቅቀሽ፣ የደረሰሽን የዕቁብ ገንዘብ በሙሉ በስፖት ዌልዲንግ (የነጥብ ብየዳ) ማሽን ላይ አውለሽ የራስሽን ሥራ ብትጀምሪ ያዋጣሽ እንደሆነ ነው። እናትሽ ቤት ይቃጠላል ብለው መስጋታቸው ተገቢ ነው ወይ ብለሽም ጠይቀሽኛል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ባትሪ መተዳደሪያ ይሆንሻል፣ ብየዳው ብቻውን ግን አይሆንሽም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በከተሞቻችን የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በዝቷል፤ ባለበት አገር ሁሉ ደግሞ ባትሪውን መርምሮ የሚጠግን ሰው ይፈለጋል። ይሁን እንጂ የመኪናዎቹ ባትሪ በአብዛኛው በፋብሪካ በሌዘር የተበየደ ነው፤ ለሶላር የሚውሉት ትልልቅ ባለ 3.2 ቮልት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎችም ብዙ ጊዜ በብሎን ይታሰራሉ እንጂ ኒኬል አይነካቸውም። ስለዚህ «ኒኬል በያጅ ነኝ» ብትዪ በርሽ ጠባብ ነው፤ «ባትሪ መርማሪ ነኝ» ብትዪ ግን የመኪናው፣ የሶላሩና የሞተር ሳይክሉ ዘርፍ ሁሉ ይከፈትልሻል።

ወደ ሙያ ምክር ከመምጣቴ በፊት ኤሌክትሮኒክስ አስተምር ስለነበር ፎቶግራፎችሽን በመምህር ዓይን አየኋቸው፤ ያየሁትንም ሳልሸፍን እነግርሻለሁ። ከብየዳ ነጥቦችሽ ገሚሶቹ ጠቁረዋል፤ ሁለቱ ተበስተዋል። ስፖት ዌልዲንግ ሊድ ከሚያቀልጠው ካውያ የሚመረጠው፣ ካውያ ሙቀቱን ለሰከንዶች ወደ ሴሉ ሲያሰርግ የውስጡን ስስ መለያና ማሸጊያውን ሊጎዳ ስለሚችል ነው፤ የነጥብ ብየዳ ግን ከብዙ መቶ እስከ ሺህ አምፔር የሚደርስ ጅረት ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ብቻ ለቅቆ ኒኬሉን ከሴሉ ቆርቆሮ ጋር ያዋህደዋል። አንቺ የተጠቀምሽበት መበየጃ ከማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር የተሠራና በእጅ ማብሪያ የሚለቀቅ ነው። የአገራችን የ50 ኸርዝ ኃይል አንድ ሙሉ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ጣት ማብሪያ ነክቶ እስኪለቅ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወስዳል። የጠቆሩት ነጥቦች ከዚህ የመጡ ይመስለኛል፤ ኤሌክትሮዱን (ኒኬሉን የሚነካውን የመበየጃ ጫፍ) አላልቶ መጫንም ያንኑ ብልጭታና ቀዳዳ ያመጣል። የማይክሮዌቭ ካፓሲተር ከሶኬት ተነቅሎም ገዳይ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ እባክሽ ሁለተኛ ማይክሮዌቭ አትክፈቺ።

ብየዳሽ መያዙን የምታውቂበት መንገድ ቀላል ነው። ኃይሉ ባለቀና ለሥራ በማይሆን ሴል ላይ በይጂና ስትሪፑን በፒንሳ ይዘሽ ላጪው። ስትሪፑ ተቀዶ የኒኬሉ ቁራጭ ሴሉ ላይ ከቀረ ብየዳው ይዟል፤ ንጹሕ ሆኖ ተላጦ ከመጣ ግን ተለጥፎ ነበር እንጂ አልተበየደም። እንዲህ ያለው ልጥፍ በመልቲሜትር ሲለካ ደህና ይመስላል፤ ጭነት ሲበዛበት ግን ይግላል። ስትሪፑንም ራሱን ፈትሺ፤ «ኒኬል» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ኒኬል የተቀባ ብረት ነውና። ንጹሕ ኒኬልም በማግኔት ስለሚሳብ ማግኔት አይለይልሽም፤ ነገር ግን ፊቱን በሞረድ ፍቀሽ ጨው በበዛበት ውኃ ውስጥ ብታሳድሪው ብረቱ ይዝጋል፣ ኒኬሉ አይዝግም። ልዩነቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ብረቱ ጅረትን የሚቃወመው ከኒኬሉ በእጥፍ ገደማ በመሆኑ በዚያው ልክ አብዝቶ ይሞቃል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ሁለተኛው ፎቶግራፍ ነው። የ18650 ሴል (ከላፕቶፕ ባትሪ ያወጣሽው ዓይነት ክብ ሴል) ቆርቆሮ ከታች እስከ ላይ ኔጌቲቭ ነው፤ ከፖዘቲቭ ራሱ ዙሪያ ያለው ጠርዝም ያው ኔጌቲቩ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ስትሪፕሽን ከእርሱ የለየው ስሱ የፕላስቲክ ልባስ ብቻ ነው። የወረቀት ቀለበት አላደረግሽበትም። ፓኩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ስትሪፑ ልባሱን ይፍቀዋል፤ አንድ ቀን ሲበሳው ሴሉ በራሱ ላይ ሾርት ይሆናል። በሞተር ሳይክል ላይ ተጭኖ ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ ይህ ቀን ሩቅ አይሆንም።

ሞተር ሳይክሉን ካነሣን አይቀር፣ አሁን የሠራሽው፣ 12ቱ ሴሎች አራት አራት ሆነው በሦስት ተከታታይ ቡድን የታሰሩበት ፓክ፣ ሞልቶ 12.6 ቮልት ነው፤ ባለ 72 ቮልቱ የሞተር ሳይክል ባትሪ ግን 20 ተከታታይ ሴል ኖሮት ሲሞላ 84 ቮልት ይደርሳል፤ ይህም የሰውን አካል የሚጎዳ ነው። ባለ 3 ኪሎዋት ሞተር ከ40 አምፔር በላይ ይስባል፤ ውፍረቱ 0.15፣ ስፋቱ 8 ሚሊሜትር የሆነው ያንቺ ስትሪፕ ደግሞ ያለ ብዙ ሙቀት የሚችለው በልማድ ከ5 እስከ 7 አምፔር ነው። ስለዚህ በአሮጌ ሴል የሞተር ሳይክል ባትሪ ሠርተሽ እንዳትሸጪ አጥብቄ እለምንሻለሁ። እናትሽም ተሳስተዋል ብዬ አልጽፍልሽም። የኒው ዮርክ ከተማ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪዎች ቃጠሎ የሰው ሕይወት ካጣች በኋላ፣ ከአሮጌ ባትሪ በወጡ ሴሎች የተሠራ ባትሪ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2023 በሕግ ከልክላለች።

አሮጌ ሴል ለመሸጫ አይሁን እንጂ ለመማሪያ ወርቅ ነው። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየውን አስወግጂው። የቀረውን እስከ 4.2 ቮልት ሞልተሽ ሁለት ሳምንት አሳርፊና እንደገና ለኪው፤ ቮልቴጁ ከሌሎቹ ተለይቶ የወረደው በውስጡ እያፈሰሰ ነው። ከዚያ አቅሙን በሚሊአምፔር ሰዓት መዝግቢ፣ የውስጥ ተቃውሞውን ጨምሪበት፤ ለእያንዳንዱ ሴል ቁጥር ስጪው፣ የጣልሽውንም ለምን እንደጣልሽው ጻፊ። ሥራ ስትጠይቂ ይዘሽ የምትቀርቢው ይህን ደብተር ነው። ቀጣሪዎችን ለማነጋገር በሄድሁባቸው የሶላርና የጥገና ድርጅቶች፣ በይጄ አውቃለሁ የሚል ሰው እንደማያጡ፣ ለክቶና መዝግቦ የሚያስረዳ ግን እንደሚቸግራቸው ደጋግመው ነግረውኛል።

ስለዚህ ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። የብቃት ምዘና ምስክር ወረቀትሽ በእጅሽ ካለ የሶላር አስመጪዎችን፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክልና ባለ ሦስት እግር ገጣጣሚዎችን፣ ለቴሌኮም ማማዎች መጠባበቂያ ኃይል የሚያቀርቡ ተቋራጮችን በየተራ ጠይቂ፤ በረዳትነት ቢሆንም ግቢ። ቢኤምኤስ (ሴሎቹ ከልክ በላይ እንዳይሞሉና እንዳይወርዱ የሚጠብቀው ሰሌዳ) እንዴት እንደሚታሰር፣ ሚዛን የሳተ (ሴሎቹ እኩል ያልሞሉ) ፓክ እንዴት እንደሚመረመር የምትማሪው ኃላፊነት በሚወስድ ባለሙያ ሥር ስትሠሪ ነው። ዲግሪ ካላገኘሁ አይሆንም ብለሽ አትጨነቂ፤ የማታ ትምህርቱን ደመወዝሽ ሲፈቅድ ትደርሺበታለሽ።

የዕቁቡን ገንዘብ በተመለከተ፣ መጀመሪያ ደህና መልቲሜትር፣ የሴል አቅም መለኪያ፣ የውስጥ ተቃውሞ መለኪያ፣ መነጽርና የሚከደን የብረት ሣጥን ግዢበት። ከተረፈሽ ጊዜውን በሚሊሰከንድ የሚቆጣጠር አነስተኛ መበየጃ ጨምሪበት፤ የቀረውን አስቀምጪው።

ፎቶግራፉ ላይ ያለው ፓክ አልጋሽ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ አይቻለሁ። ይህን መልስ እንዳነበብሽ ከቻርጀሩ ንቀዪውና የሚቀጣጠል ነገር ወደሌለበት ውጪ አውጪው። በማግሥቱ አምፖሉን አብርተሽበት ኃይሉን አውርጂ፤ ይህንም እዚያው ውጪ፣ አጠገቡ ሆነሽ አድርጊው፣ አንዱም ሴል ከ3 ቮልት በታች አይውረድ። ከዚያ ስትሪፑን አንድ በአንድ እያላቀቅሽ ስንቱ እንደተቀደደና ስንቱ ተላጦ እንደመጣ ቁጠሪ። ቁጥሩን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ ከእርሱ እንነሣለን።