ፎርጂ ይላል ግን አይከፍትም

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ባህር ዳር አባይ ማዶ ነው የምኖረው። ልጄ ቤሩት ናት፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በኢሞ እንተያያለን። ስልኬ ፎርጂ (4G) ብሎ ይፅፋል ግን ምስሏ ይደርቃል ድምጿ ይቆራረጣል፣ "እማ ይሰማሻል?" እንዳለች ይቋረጣል። ደጅ ስወጣ ይሻለዋል። የጎረቤት ልጅ ኔትወርኩን ከሴቲንግ ይቀይሩት አለኝ፣ እንዳላበላሸው ፈራሁ።

መልስ፦ እናቴ አይፍሩ፣ ይሄ ስልክ አያበላሽም፣ ካልተስማማዎት በገቡበት መንገድ ገብተው ይመልሱታል። ልጁ ልክ ነው።

ስልክ ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ አውቶ ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ኔትወርኩን ራሱ ይመርጣል ማለት ነው፣ ፎርጂ ካገኘ ደካማም ቢሆን ሙጭጭ ብሎ ይይዘዋል፣ ጎኑ ላይ ጥሩ ስሪጂ (3G) እያለ እንኳን። ደጅ ስወጣ ይሻለዋል ያሉት ነው ዋናው ነገር። ግድግዳና ቆርቆሮ ሲግናል ይበላል፣ በ900 ሜጋኸርዝ የሚመጣው ሲግናል ግድግዳ አልፎ ሲገባ በ1800 ወይ በ2100 የሚመጣው ግን ቶሎ ይደክማል፣ ስለዚህ ፎርጂና ስሪጂ ከአንድ ታወር ቢመጡም ጓዳ ውስጥ እኩል ላይደርሱ ይችላሉ። እኔ ራሴ ሽምብጥ እህቴ ቤት ስልኬን ይዤ እየዞርኩ አይቼዋለሁ፣ ጓዳ ውስጥ የፎርጂው ጉልበት ማይነስ 118 ነበር፣ በረንዳ ላይ ስወጣ ማይነስ 97 ሆነ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው፣ ከማይነስ 110 በታች ከወረደ ቪዲዮ መከራ ነው። ከጓዳው እስከ በረንዳው አስራ አምስት እርምጃ አይሞላም እኮ!

እሁድ ልጅዎ ሳትደውል በፊት ሴቲንግ ውስጥ ይግቡ፣ ሲም ወይ ሞባይል ኔትወርክ የሚለውን ይንኩ፣ ከዛ ፕሪፈርድ ኔትወርክ ታይፕ ወይም ኔትወርክ ሞድ የሚል አለ (እንደ ስልኩ ይለያያል)፣ እዛ ስሪጂ የሚለውን ይምረጡ። ትንሽ ይጠብቁ፣ ኔትወርኩ ጠፍቶ ይመለሳል፣ ላይ ላይ ኤች ወይ ኤች ፕላስ (የስሪጂ ምልክት) ይመጣል፣ አሁን ለልጅዎ ይደውሉላት። ኢ የሚል ፊደል ከመጣ ግን ቱጂ (2G) ላይ ወርዷል ማለት ነው፣ በሱ ቪዲዮ አይታሰብም፣ ወደ አውቶ መልሱትና በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው ያውሩ። ስልክዎ ሁለት ሲም ከሆነና ቆየት ያለ ከሆነ ደግሞ የዳታው ሲም የትኛው ቦታ እንደገባ ይዩ፣ ብዙ የድሮ ስልኮች ላይ ሁለተኛው ቦታ ቱጂ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ሲሙን ማቀያየር ብቻ የፈታላቸው ሰዎች አሉ።

ማታ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት ታወሩ ይጨናነቃል፣ ያኔ ችግሩ ከስልክዎ አይደለም፣ ከልጅዎ ጋ ሰዓት ቀይራችሁ ጠዋት ብትሞክሩት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ጣና ላይ ጀልባ ነው የምሰራው፣ እንግዳ ይዤ ዘጌ ደርሼ እመለሳለሁ፣ አንዳንዴ ደቅ ድረስ እሄዳለሁ። ጠዋት መቶ ፐርሰንት ቻርጅ አድርጌ ወጥቼ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋል፣ ባትሪ ቀየርኩ ያው ነው።

መልስ፦ ወንድሜ ባትሪውን መቀየርህ ያሳዝናል፣ ሊሆን የሚችለው ኔትወርክ ፍለጋው ነው። ጣና ቁመቱ ብቻ ወደ 84 ኪሎሜትር ነው፣ ውሃው ላይ ደግሞ ታወር የለም፣ ከዳር ስትርቅ ስልኩ ኪስህ ውስጥ ሆኖ ፎርጂ ይፈልጋል፣ ሲያጣ ስሪጂ፣ ከዛ ቱጂ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ወደ ፎርጂ ይሞክራል፣ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲዋልል ነው ቻርጁ የሚያልቀው። ጀልባውን ስታስነሳ ቅድም ለእናታችን ባልኳቸው ሴቲንግ ገብተህ ቱጂ ብቻ አድርገው። ዳታ የለህም ማለት ይቻላል፣ ስልክና ሚሴጅ ግን ይሰራል፣ ቱጂ እስከ 35 ኪሎሜትር ድረስ እንዲደርስ ነው የተሰራው፣ ውሃ ላይ ደግሞ የሚከልለው ህንፃም ዛፍም የለም። ኤርፕሌን ሞድ አድርገው የሚሉህ አሉ፣ እኔ ግን ሰው ጭነህ ስለምትሄድ አልመክርህም፣ ማዕበል ቢነሳ ወይ ሞተር ቢጠፋብህ ወደብ ላይ ያሉት ሊያገኙህ ይገባል። ዘጌ ስትደርስ እንግዶቹ ቤተክርስቲያን እስኪያዩ ወደ አውቶ መልሰው፣ ቴሌግራምህን እይ፣ ስትነሳ እንደገና ቱጂ። አይፎን ከሆነ የያዝከው ሴሉላር ውስጥ ቮይስ ኤንድ ዳታ የሚል አለ፣ ቱጂ ካልሰጠህ ስሪጂውን ሞክር።

ጥያቄ፦ ፔዳ ካምፓስ ተማሪ ነኝ። ቲክቶክ ላይ አይቼ *#*#4636#*#* ብዬ ኤልቲኢ ኦንሊ (ፎርጂ ብቻ) አደረግኩት፣ ኢንተርኔቱ በረረ ግን ቤተሰብ ስንደውልልሽ ዝግ ነው ይሉኛል።

መልስ፦ እህቴ ኮዱ ትክክል ነው፣ ቅድም ያልኳቸውን የማይነስ ቁጥሮችም እኔ እዛው ነው ያየሁት። ኤልቲኢ ኦንሊ ስትዪው ግን ስልኩ ስሪጂና ቱጂን ጨርሶ ይተዋል፣ ጥሪ ደግሞ ቮልቲ (በፎርጂ መደወያው) ካልተከፈተ በነሱ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አንቺ ቪዲዮ እያየሽ ቤተሰብ ጋ ዝግ ነሽ። ይሄን ነገር ስንት ሰው አድርጎ ረስቶት የለቅሶ ስልክ እንኳን አምልጦታል፣ ቀላል አይደለም። ሴቲንግ ውስጥ ቮልቲ የሚል ካለ አብሪውና በጓደኛሽ ስልክ ደውለሽ ሞክሪ፣ ካልጠራ ፋይል ስታወርጂ ብቻ ተጠቀሚበት፣ ስትጨርሺ እዛው ገብተሽ ኤልቲኢ፣ ደብሊውሲዲኤምኤ (ስሪጂ)፣ ጂኤስኤም (ቱጂ) ሶስቱንም የያዘውን ምረጪ። አሁኑኑ መልሺውና ቤት ደውዪ።