ከፊት ያለውን ቁጥር ብቻ ንኩ

ውድ የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣

ዕድሜዬን ላብራቶሪ ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። «ኢኩዌሽን ባላንስ ማድረግ»፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን በቀስት ጽፎ የግራና የቀኙን አቶም ቁጥር ማመጣጠን፣ ሲባል ብዙዎቻችሁ ልክ እስኪመጣ ቁጥር እየጻፉ ማጥፋት ይመስላችኋል። ከኬሚስትሪ ትምህርት ሁሉ ግን ይህቺን አጥብቃችሁ እንድትይዟት እለምናችኋለሁ።

መነሻው አጭር ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዚየ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ በኬሚካዊ ለውጥ ቁስ አይጠፋም፤ ከባዶም አይፈጠርም። አቶሞቹ አቀማመጣቸውን ይቀይራሉ፤ ቁጥራቸው ያው ነው። ከቀስቱ በግራ የነበረ ሁሉ በቀኝ መገኘት አለበት።

ውኃን እንውሰድ። የሃይድሮጅን ጋዝ ሁለት ሁለት አቶም ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ኦክስጅንም እንደዚያው። ውኃ የሚይዘው ግን አንድ ኦክስጅን ብቻ ነው። ስለዚህ በግራ ሁለት ኦክስጅን፣ በቀኝ አንድ። የቸኮለ ተማሪ እዚህ ጋ የውኃን ቀመር፣ ኤች ቱ ኦን (H₂O)፣ ኤች ቱ ኦ ቱ (H₂O₂) ያደርገዋል። ቁጥሩ ልክ ይመጣለታል፤ የጻፈው ግን ፀጉር የሚያነጣውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው! ማን ይጠጣዋል? ከታች ያለችው ትንሽ ቁጥር የነገሩ ማንነት ናት፤ አትንኳት። የተፈቀደላችሁ ከፊት የሚቆመው ብቻ ነው። ሁለት ሃይድሮጅን ከአንድ ኦክስጅን ጋር፣ ሁለት ውኃ። አለቀ።

ከበድ ሲል ኦክስጅንን ለመጨረሻ አቆዩት። በሲሊንደር የሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ ውስጥ ያለው ፕሮፔን 3 ካርቦንና 8 ሃይድሮጅን አለው። ሲነድ ካርቦኑ 3 ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅኑ 4 ውኃ ይሆናል። አሁን በቀኝ ያለውን ኦክስጅን ቁጠሩ፦ 10 ነው። በግራ 5 የኦክስጅን ሞለኪውል፣ ማለትም 5 ጥንድ አቶም፣ ይበቃል ማለት ነው። ኦክስጅን በግራ በኩል ብቻውን ስለቆመ፣ ቁጥሩን ብትቀይሩ ሌላውን አይረብሽም። 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን ያለው ሌላው ጋዝ ቡቴን ላይ 13 የኦክስጅን አቶም ስለሚመጣ ስድስት ተኩል ሞለኪውል ይሆንባችኋል። አትደንግጡ፤ ሁሉንም በሁለት አባዙት።

ስትጨርሱ ደግሞ በክብደት ፈትሹ። 44 ግራም ፕሮፔንና 160 ግራም ኦክስጅን፣ 204። በቀኝ 132 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 72 ግራም ውኃ፣ ያው 204። እኔ ይህን ሳላይ ወረቀቴን አላጥፍም።

አጥብቄ የምለምናችሁ በከሰል ምክንያት ነው። ከሰል አብዛኛው ካርቦን ነው። 12 ግራም ካርቦን በደንብ ለመንደድ 32 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። 16 ብቻ ካገኘ፣ ሁለት ካርቦን አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ተካፍለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናሉ። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የከሰል ምድጃ አስገብቶ በርና መስኮት ዘግቶ የተኛ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው።

«ከሰሉ ቀልቷል፤ ጭሱም አልቋል፤ አሁን ችግር የለውም» የሚሉ አሉ። ጋዙ የቀላውም ከሰል ላይ ይወጣል። ሁለቱን የካርቦን ኢኩዌሽኖች ጎን ለጎን ጻፉና ለእናቶቻችሁ፣ ለጎረቤቶቻችሁ አስረዱ። ምድጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ።