"የጥበቃ ትእዛዝ የት ይወጣል?" ላልሽው እህቴ፣ ባሕር ዳር ላይ እኔ ያለፍኩበት

ትናንት ማታ ስምሽን ደብቀሽ የጻፍሽውን አነበብኩት። "ባሌ ይመታኛል። ከቤት ከወጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። አሁን ደግሞ ሥራ ቦታዬ በር ላይ እየቆመ ይጠብቀኛል። የጥበቃ ትእዛዝ የት ነው የሚወጣው? ስንት ቀንስ ይፈጃል?" ነው ያልሽው። ከሥሩ "ታገሺ"፣ "ለልጅሽ ስትዪ" የሚሉ መልሶች ተደርድረዋል። እኔ እንዲያ አልልሽም። እኔም እንዳንቺው ነበርኩ።

በቅድሚያ፣ ስልክሽን የሚበረብር ከሆነ ይህን አንብበሽ አጥፊው።

እውነቱን ልንገርሽ። አንድ ቢሮ ገብተሽ "እንዳይቀርባት" የሚል ወረቀት ተቀብለሽ የምትወጪበት፣ ራሱን የቻለ ሕግ አገራችን ላይ የለም። ይህን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። "የጥበቃ ትእዛዝ ፈልጌ ነው" እያልኩ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ሰው ግራ ገብቶት ያየኝ ነበር። ያለው ጥበቃ ተቆራርጦ የተቀመጠ ነው። ትንሹ ፖሊስ ጋ፣ ትንሹ ዐቃቤ ሕግ ጋ፣ ትልቁ ደግሞ የፍቺ መዝገብ ውስጥ ነው። ሰብስበሽ የምትገጣጥሚው አንቺ ነሽ። በተራ በተራ ልጻፍልሽ።

1. ሐኪም ፊት እውነቱን ተናገሪ።

ይህን አንደኛ ያደረግኩት እኔን ያቃጠለኝ እሱ ስለሆነ ነው። 2012 ዓ.ም. ላይ መጀመሪያ ሲመታኝ ግራ ቅንድቤ ተሰነጠቀ። ሆስፒታል የወሰደኝ ራሱ ነው፣ በራሱ ባጃጅ። ሐኪሟ መጋረጃውን ስባ "ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። ከመጋረጃው ሥር ጫማው ይታየኛል። እዚያው ቆሟል። "ደረጃ ላይ አዳልጦኝ" አልኩ። የኛ ቤት እኮ ደረጃ የለውም። ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። ትንሽ ጠበቀችኝ። ዝም ስላት ጻፈች። አራት ቦታ ተሰፋሁ፤ ወረቀቱ ላይ "በመውደቅ የደረሰ" ተብሎ ቀረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከስሼው ችሎት ስቆም ጠበቃው ያንን ወረቀት ከፋይሉ መዘዘው። ለካ ባለቤቴ ተብዬው አጣጥፎ አስቀምጦት ኖሯል። "ድሮም የመውደቅ ችግር አለባት፣ ይኸው ማስረጃው፣ በራሷ አንደበት የተናገረችው ነው" አለ። ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ እየዳበስኩ ቆምኩ። የምለው ጠፋኝ። ዛሬም ሌሊት እሱን ሳስብ እንቅልፌ ይበራል።

ስለዚህ አንቺ "ባሌ መታኝ" በዪ። እሱ አብሮሽ ከመጣ "ለብቻዬ መመርመር እፈልጋለሁ" በዪ። በምን እንደመታሽም ተናገሪ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስን ድብደባ ለብቻው ጠቅሶ ወደ አካል ጉዳት አንቀጾቹ ይመራዋል። ሳትጋቡ አብራችሁ የምትኖሩ ብትሆኑም ያው ነው። ቀላል የአካል ጉዳት ሲሆን ቅጣቱ መቀጮ ወይም እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ነው። ጉዳት ሊያደርስ በሚችል ዕቃ ከሆነ ግን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ይሄዳል። እኔ የመጨረሻውን ቀን በዘነዘና ነበር የተመታሁት። መጀመሪያ ቃሌን ስሰጥ ግን "መታኝ" ብቻ ብዬ ልወጣ ነበር። ጽሑፉን የያዘችው ፖሊስ "በእጁ ነው?" ብላ ባትጠይቀኝ ኖሮ ዘነዘናው ሳይጻፍ ይቀር ነበር።

ሌላው፣ ሆስፒታሉ ማስረጃውን የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ፖሊስ በደብዳቤ ሲጠይቀው ነው፤ ውጤቱም ለፖሊስ ነው የሚሄደው። ደም እየፈሰሰሽ ደብዳቤ አትጠብቂ፣ ታከሚ። ግን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጣቢያ ሂደሽ ደብዳቤውን አስጽፊ። ሰምበር አይጠብቅሽም። የበለዘውንም ቀን ባለው ብርሃን ፎቶ አንሺውና ለምታምኛት ሰው ልከሽ ካንቺ ስልክ ላይ አጥፊው።

2. ጣቢያ ስትሄጂ ተመክረሽ አትመለሺ፣ ቃልሽን አስመዝግበሽ ተመለሺ።

2014 ላይ ሁለተኛ ሲመታኝ ልጄን አዝዬ አንድ ጣቢያ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰውዬ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "ምን አድርገሽው ነው?" አለኝ። ሰላምታ እንኳ የለም። ክንዴን ገልጬ አሳየሁት። "የባልና የሚስት ጠብ ነው። ማታ ትታረቃላችሁ፣ መሐል ላይ የምንቀረው እኛ ነን። ሽማግሌ ይግባበት" አለ። ወረቀት አላነሳም። እስክሪብቶ አልነካም። ልጄ ጀርባዬ ላይ እያለቀሰች ነበር። እሺ ብዬ ወጣሁ። "እሺ" ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሽማግሌ ገባ። የነፍስ አባታችንም ነበሩበት። ሽማግሌ አልንቅም፣ የገዛ አባቴ ዘጌ ላይ ስንቱን ያስታረቀ ሰው ነው። ግን ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ቡና ይጠጣል፣ "ለዛሬ ሳምንት" ይባላል። ባለቤቴ አንዱን ቅዳሜ ይመጣል፣ ሁለቱን ይቀራል። "የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም" ይሉኛል። እንዲህ እንዲህ ስንል ክረምቱ ገባ። በመጨረሻ አንድ የእርቅ ወረቀት አስፈረሙኝ። ድምፄን ከፍ እንዳላደርግ፣ ሳላስፈቅድ እናቴ ጋ እንዳልሄድ፣ ስልክ እንዳላበዛ። የእሱ ድርሻ አንድ መስመር ነበር። "ይታገሳታል" ይላል።

ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። ቀላል የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ወንጀል ነው። ማለትም አንቺ ካላመለከትሽ አይከሰስም። ማመልከቻው ደግሞ ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መግባት አለበት። የኔ 3 ወር በቅዳሜ ቡና አለቀ። በኋላ ዐቃቤ ሕግ ጋ ስደርስ የክንዴ ጉዳይ ከክሱ ውጭ ሆነ። "ጊዜው አልፏል" አለችኝ፣ እያዘነች። ሽማግሌ ይምጣ ካሉሽ ይምጣ፣ ግን አቤቱታሽ አስቀድሞ መዝገብ ላይ ይሁን። ከዚያ እርቅ ብለሽ አቤቱታሽን ብትተዪ መዝገቡ እንደሚዘጋም እወቂ። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ፣ አጥንት ከሰበረሽ ወይም አካልሽን ካጎደለሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንቀጽ 555 ነው፤ አንቺ ባታመለክቺም ይከሰሳል።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው አልመዘግብም ካለሽ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዝ መርማሪ እንዲያገናኝሽ ጠይቂ። እንቢ ካለም አለቃውን ጠይቂ። እኔ ሦስተኛው ጊዜ እንደዚያ አደረግኩ። ያቺ ስለ ዘነዘናው የጠየቀችኝ ፖሊስ ያን ቀን ነው ያገኘኋት። ወንበር ሰጠችኝ። ውሃ ሰጠችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጻፈች። እግዜር ይስጣት።

3. ታሰረ ማለት አለቀ ማለት አይደለም።

ይህን ማንም አልነገረኝም። ሰው ሲያዝ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እዚያ የዋስትና ጥያቄ ይነሳል። እኔ ታስሯል ብዬ እናቴ ቤት ተኝቻለሁ። በማግስቱ ወደ ማታ በሩ ላይ የባጃጁን ድምፅ ሰማሁ። ማርሚታው ተበስቶ ስለነበር ከመቶ ባጃጅ መሐል እለየዋለሁ። አጥፍቶ ቆመ። አልወረደም። አላንኳኳም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አስነስቶ ሄደ። እናቴ ፋኖሱን ይዛ ከበሩ ጀርባ ቆማ ነበር፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ አንቀጽ 67 ዋስትና የሚከለከልበትን ይዘረዝራል። የዋስትና ግዴታውን የማይፈጽም ከመሰለ፣ ሲወጣ ሌላ ወንጀል ሊፈጽም ይችላል ከተባለ፣ ምስክር ሊያባብል ወይም ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል ከተባለ ነው። ዳኛው ይህን ከየት ያውቃል? መርማሪው ሲነግረው ነው። መርማሪው ከየት ያውቃል? አንቺ ስትነግሪው። "እገድልሻለሁ ብሎኛል፣ ይኸው መልእክቱ፣ ይኸው የደወለበት ሰዓት" በዪ። የሚቀርብበትን ቀን ጠይቀሽ እዚያው ተገኚ። ቢወጣ እንኳ ሊጠጋሽ እንደማይገባ በዋስትናው ላይ ግዴታ እንዲገባበት ዐቃቤ ሕጉ እንዲጠይቅልሽ ንገሪው።

ሥራ ቦታ እየመጣ ይቆማል ላልሽው፣ መከታተል ብቻውን በስሙ የተጻፈ ወንጀል ሆኖ አታገኚውም። ዛቻ ግን አንቀጽ 580 ላይ አለ፤ እሱም በግል አቤቱታ ነው። እኔ አንድ የልጄን ደብተር ወስጄ መመዝገብ ጀመርኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን አለ፣ ማን አየ። "አባይ ማዶ ታክሲ ስጠብቅ ከኋላዬ።" "በ23 ጊዮርጊስ ስሳለም አጸዱ በር ላይ፣ 'እንዲህ ዘንጠሽ አትቀሪም' አለኝ፣ እትዬ ጎረቤታችን ሰምተዋል።" አሥራ ሰባት መስመር ሆነ። ዐቃቤ ሕጓ ያንን ደብተር ስታይ ነው ፊቷ የተለወጠው።

4. ትልቁ ነገር የፍቺ ማመልከቻው ላይ ነው።

ልብ በዪ፣ ሰው የአዲስ አበባውን የ1992 የቤተሰብ ሕግ እየጠቀሰ ይመክርሻል። እኛ ጋ የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ጠበቃሽም ይሁን ጸሐፊው እሱን ይጥቀስ።

እኔ መጀመሪያ ፍርድ ቤት አካባቢ ለተቀመጠ ማመልከቻ ጸሐፊ ከፍዬ አስጻፍኩ። "ፍቺ ይወሰንልኝ" ብቻ ብሎ ጻፈልኝ። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሰጠ፣ እንደገና ሰጠ። በዚያ መሐል እሱ ቤቱ ውስጥ፣ እኔ እናቴ ጋ አንድ ፍራሽ ላይ ከልጄ ጋር። ኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ ነገረችኝ። ሄድኩ። ወረቀቴን ያየው ልጅ "ጊዜያዊ ትእዛዝ አልጠየቅሽም እኮ" አለኝ። ያንን ቃል ያን ቀን ነው የሰማሁት። ፍቺው እስኪወሰን ድረስ ማን ከቤት ይውጣ፣ ልጅ ማን ጋ ይሁን፣ ቀለብ ማን ይስጥ፣ ንብረቱ እንዴት ይያዝ የሚለውን ፍርድ ቤቱ ወዲያው ማዘዝ ይችላል። ግን ጠይቂ፣ በጽሑፍ።

ዳኛዋ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። "ከቤት መውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው ማንን ነው? ልጅቷስ የት ነው የምትማረው?" ትምህርት ቤቷ ከቤታችን አምስት ደቂቃ ነው። እናቴ ቤት አንድ ክፍል ናት። እሱ ወንድሞች አሉት፣ ቤት አላቸው። ትእዛዙ በዚያው ቀጠሮ ተሰጠ። እሱ እንዲወጣ፣ ልጅቷ እኔ ጋ እንድትሆን፣ በየወሩ ቀለብ እንዲቆርጥ። ወረቀቱን ስቀበል ማህተሙ ገና አልደረቀም ነበር፣ አውራ ጣቴ ላይ ሐምራዊ ሆኖ ቀረ። ሳልታጠበው ነው ቤቴ የገባሁት።

አንቺም ከቤት ወጥቻለሁ፣ ቤቱ በእሱ ስም ነው ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። የኔውም በእሱ ስም ነበር። የዳኝነት መክፈያ ከሌለሽ በደሃ ደንብ እንዲታይልሽ ማመልከት ትችያለሽ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበርም ለሴቶች በነጻ ያማክራል፣ ጠይቂያቸው።

ትእዛዙን እንደያዝሽ ፎቶኮፒ አብዢ። እኔ ስምንት አስነሳሁ። አንዱ ለጣቢያው፣ አንዱ ለልጄ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ አንዱ ለሥራ ቦታዬ ዘበኛ፣ አንዱ ለእናቴ፣ አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ፣ የቀረው መጠባበቂያ። ለርዕሰ መምህሩ መስጠቴን ሰው አበዛሽው ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት "ልጄን ልወስድ ነው" ብሎ መጣ። ርዕሰ መምህሩ መሳቢያቸውን ከፍተው ወረቀቱን አሳዩት። በሩን ዘግተው ጣቢያ ደወሉ። ጣቢያውም ኮፒው ስለነበረው "ምን ትእዛዝ?" ብሎ አልጠየቀም። እኔም በማግስቱ ለፍርድ ቤቱ ትእዛዙን ጥሷል ብዬ አመለከትኩ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ አካባቢ አልታየም።

በወንጀሉ ክስ 8 ወር ቀላል እስራት ተፈረደበት። አንሷል። ያ የደረጃው ወረቀት ባይኖር ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። ያዳነኝ ዘነዘናውን ያዩት ጎረቤቴና የሐኪሙ ሁለተኛ ወረቀት ነው።

እንግዲህ ሰኞ ጀምሪ። ከተማው ባለበት ሁኔታ ማታ መንቀሳቀስ ጥሩ አይደለም፣ ጠዋት ሂጂ። መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጅሽን የልደት ወረቀት ያዢ። የጋብቻ ወረቀቱ እሱ ጋ ከቀረ ልትወስጂ ብለሽ ለብቻሽ ወደ ቤት እንዳትመለሺ፣ ጋብቻ በምስክርም ይረጋገጣል። ደብተርም ግዢና ያለፈውን ሦስት ሳምንት ዛሬ ማታ ጻፊው፣ ቀኑን ሳትረሺ።

የሚሄድልሽ ሰው ከሌለ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ሰኞ ሥራ የምገባው ከሰዓት ነው። ፎቶኮፒ ቤቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፍታል፣ እዚያ እንገናኝ። ሰማያዊ ነጠላ አጣፍቻለሁ።