የአንባቢያን ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ስልት ተቀይጦ አሁንም ፐንክ ነው?

ጥያቄ፦ የእንግሊዙን የፐንክ (ፈጣንና ያልተሞረደ ሮክ) ባንድ የዘ ክላሽን «ለንደን ኮሊንግ» አልበም በጣም እወደዋለሁ። ጓደኛዬ ግን «ሬጌ፣ ስካ፣ ጃዝ፣ ሮካቢሊ፤ ያልገባበት የለም። ይሄ ፐንክ ነው?» እያለ ያበሽቀኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ቅይጥነቱን አይካዱ፤ እሱ ላይ ጓደኛዎ ትክክል ነው። የሚሳሳተው ቅይጡ ኋላ የመጣ ሲመስለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 መጀመሪያ፣ ለንደን ውስጥ ሮክሲ በተባለው የፐንክ ክለብ ሸክላ የሚያጫውተው ዶን ሌትስ በባንዶቹ መሀል የሚያሰማው ሬጌ ነበር፤ የፐንክ ሸክላ ገና እፍኝ አይሞላም ነበርና። ዘ ክላሽም በዚያው ዓመት ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ የጁኒየር መርቪንን የሬጌ ዘፈን «ፖሊስ ኤንድ ቲቭስ» ተጫውቷል። «ለንደን ኮሊንግ» በዲሴምበር 1979 ሲወጣ ሬጌው የቤት ልጅ እንጂ እንግዳ አልነበረም።

ሮካቢሊውም (የ1950ዎቹ ቀደምት ሮክ ኤንድ ሮል) እንዲሁ። አልበሙ ላይ ያለው «ብራንድ ኒው ካዲላክ» የቪንስ ቴይለር የ1959 ዘፈን ነው። ሲቀረጽ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄደ። ድራመሩ ቶፐር ሄደን ይደገም ቢልም ፕሮዲውሰሩ ጋይ ስቲቨንስ እንዳለ አስቀረው። ከዚህ በላይ ፐንክ ምን አለ? በዚያ ላይ 19 ዘፈን የያዘ ጥንድ ሸክላ በአንድ ሸክላ ዋጋ ነው የተሸጠው።

«ላቨርስ ሮክ» በሚለው ዘፈን ላይ ቢነቅፍዎት ግን አይከራከሩት፤ እዚያ ቅይጡ ውሃ ውሃ ይላል።

ይልቅ ከዚያው አልበም «ዘ ገንስ ኦቭ ብሪክስተን»ን ያሰሙት፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ግን አይሁን። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ስልክ ያን ዝቅታ አያወጣውም። ዘፈኑን የሚመራው ደግሞ ቤዙ ስለሆነ ጓደኛዎ የሚሰማው አጥንቱ የወጣለት ነገር ይሆናል። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ይስጡት።

ጥያቄ፦ ባንዳችን በፐንክ ዘፈን መሀል ሬጌ ሲያስገባ ይተራመሳል። ለምን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጊታሩ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው ማዛቢያ) ነው። ድምፁን ስለሚያስረዝመው ሬጌ የሚፈልገውን ዝምታ ይሞላዋል። ያጥፉትና አራት አራት እየቆጠሩ 2 እና 4 ላይ ብቻ አጭር ምት ይምቱ፤ ወዲያው የግራ እጅ ጣቶችን ከክሩ ሳያነሱ ያላሉ።

ቀጥሎ ድራሙን ይዩ። በፐንኩ ስኔሩ (ጯሂው የእጅ ድራም) 2 እና 4 ላይ ያርፋል፤ በሬጌው ግን 1 ባዶ ይተውና ስኔርና የእግር ድራም አብረው 3 ላይ ይውደቁ። ድራመሮች 1ን ባዶ መተው ይጨንቃቸዋል፤ ያስለምዱት። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) አይንኩት። ፐንኩ በደቂቃ 160 ምት ከሆነ ሬጌውም በዚያው ቆጠራ ይሄዳል፤ የሚቀየረው ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። ዘፈኑ 200 የሚደርስ ከሆነ ሬጌው ይጣደፋል፤ ያኔ ከሬጌ የሚፈጥነውን ቀዳሚውን ስካን ይሞክሩ።