ለባሕር ጀልባ የቃጫ ኮምፖዚት የትኛው ሬዚን ይሻላል?

ጠያቂያችን ለመመረቂያ ሥራቸው ከሲሳልና ከእንሰት ኮምፖዚት፣ ማለትም ሬዚን በሚባል ሙጫ መሰል ፕላስቲክ ከተያያዘ ቃጫ፣ የጀልባ ክዳንና መቀመጫ ለመሥራት ማሰባቸውን ገልጸው፣ «ፒኤልኤ ከዕፅዋት የሚገኝና የሚበሰብስ ፕላስቲክ ስለሆነ እሱን ብመርጥ ለባሕር ውሃ ይሆናል ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በሚገኝ የፋይበር ግላስ ጀልባ መሥሪያ በሬዚን ክፍል ለ11 ዓመታት ስለሠራሁ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም በተልባ ጨርቅ የሙከራ ክፍሎችን ስላወጣን፣ ያየሁትን ልጻፍልዎት። ፒኤልኤን ይተዉት፤ ምድጃና ሚዛን ካለዎት ኢፖክሲን ይምረጡ፤ ከሬዚኑ ስም ይልቅ ግን ስለ ክፍሉ ጠርዝና ስለ ብሎን ቀዳዳ አብዝተው ይጨነቁ።

የፋይበር ግላስ ጀልባ የሚሠራበት የመስታወት ክር ውሃ አይጠጣም፤ ቃጫ ግን ይጠጣል። ተልባ ለምሳሌ በተራ አየር ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ከክብደቱ 8 እስከ 12 በመቶ የሚሆን እርጥበት ይይዛል። ውሃ ሲያገኝ ይወፍራል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ በተመላለሰ ቁጥር ከሬዚኑ ጋር የተጣበቀበት ገጽ እየላላ ይሄዳል። የጣና ታንኳ ባለቤት ደንገሉን ከውሃ እያወጣ የሚያደርቀው ይህንኑ ጠባይ ስለሚያውቅ ነው፤ ለባሕር ጀልባ ግን እንዲህ ያለ የዕለት እንክብካቤ ስለማይታሰብ፣ ውሃውን ከቃጫው የማራቁ ኃላፊነት በሬዚኑ ላይ ይወድቃል።

ፒኤልኤ ይህንን ኃላፊነት የሚወጣ አይደለም። የፕላስቲኩን የሞለኪውል ሰንሰለት ማያያዣዎች ውሃ ቀስ በቀስ ይበጥሳቸዋል፤ ሙቀት ሲጨመር መበጠሱ ይፋጠናል። በዚህ ላይ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፤ እኛ ባለንበት የባሕሩ ውሃ ራሱ በነሐሴ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጠቆር ያለ ክዳን ምን ያህል እንደሚግል መገመት አያዳግትም። «ይበሰብሳል» የሚባለውም 60 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ የኢንዱስትሪ ብስባሽ ማዘጋጃ ውስጥ ነው እንጂ ባሕር ላይ የወደቀ ቁራጭ በቶሎ አይጠፋም። እንግዲህ ክፍሉ በአገልግሎት ላይ ሳለ ይዳከማል፣ ቆሻሻ ከሆነ በኋላ ደግሞ ይቆያል፤ ሁለቱንም ማንም አይፈልግም።

እኛ የጀመርነው በመሥሪያችን በበርሜል በሚገኘው ተራ የፖሊስተር ሬዚን ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ሠራተኛውም ለምዶታል። ከተልባ ጨርቅ የሠራነው የሞተር ክዳን ከሞልድ (ከቅርጽ ማውጫው) ሲወጣ ያማረ ነበር። ሁለተኛው በጋ ሳያልቅ ግን ማጠፊያው በተሰረሰረበት ቦታ ዙሪያ ውሃ ቋጠረ፤ ጄልኮቱን (የክፍሉን የውጭ ልባስ) ስንፍቀው ከሥሩ ያለው ጨርቅ ጠቁሮ ሻጋታ ይዞ ነበር። ጥፋቱ የሬዚኑ ብቻ እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል፤ ጨርቁን ሳናደርቅ ነበር የለበጥነው፣ ቀዳዳውንም ሳንደፍን ብሎን አሰርንበት። ቢሆንም ፖሊስተር እንደ ፒኤልኤ ውሃ የሚበጥሰው ማያያዣ በሰንሰለቱ ርዝመት ሁሉ ስላለው፣ ከቃጫ ጋርም ጠበቅ ያለ ትስስር ስለማይፈጥር፣ ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ቪኒል ኤስተር የተባለው ሬዚን እነዚህ ማያያዣዎች በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ብቻ ስላሉት ውሃን በተሻለ ይቋቋማል፤ ዋጋውም መካከለኛ ነው፤ ነገር ግን ሬዚኑን የሚያቀጥነው ስታይሪን የተባለ ኬሚካል ሽታውና የጤና ጠንቁ እንዳለ ነው።

ኢፖክሲ ከሴሉሎስ ጋር በደንብ ይያያዛል፣ ስታይሪን የለውም፣ ሲደርቅም ብዙ አይኮማተርም። በከፊል ከዕፅዋት የሚሠሩ ዓይነቶችም በገበያ አሉ፤ ከባዮዲዝል ምርት የሚተርፈው ግሊሰሪን የኢፖክሲ ጥሬ ዕቃ የሆነው ኤፒክሎሮሃይድሪን ይሠራበታል። የቀረው የሰንሰለቱ ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከነዳጅ የመጣ ነው፤ «አረንጓዴ» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ከካርቦኑ ስንት በመቶው ከዕፅዋት እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁ። ከኢፖክሲው ጋር የሚደባለቀው ማጠንከሪያ ቆዳን ስለሚያስቆጣ ጓንት አይለዩ፤ መጠኑም በሚዛን እንጂ በዓይን አይለካ። ዋናው ጉዳይ በክፍል ሙቀት ብቻ የደረቀ ኢፖክሲ ከፒኤልኤ ብዙም ባልራቀ ሙቀት ሊለሰልስ መቻሉ ነው። ስለዚህ ክፍሉን ከሞልድ ሳያወጡ አምራቹ በሚያዝዘው መሠረት፣ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ለተወሰኑ ሰዓታት ምድጃ ውስጥ ያቆዩት። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ውድ ሬዚን ገዝቶ የርካሹን ጠባይ ነው የሚያገኘው።

ፖሊፕሮፒሊን የተባለው በሙቀት የሚቀልጥ ፕላስቲክ ውሃ የማይጠጣ መሆኑ ያጓጓል። ይሁን እንጂ የሚቀልጠው 165 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ማሞቂያና መጭመቂያ ማሽን ይጠይቃል፤ ቃጫ ደግሞ ከ200 ዲግሪ በላይ መጎዳት ስለሚጀምር የሙቀቱ መጠን ጥንቃቄ ይሻል። ማሌይክ አንሃይድራይድ (ፕላስቲኩን ከቃጫ ጋር የሚያያይዝ ኬሚካል) የተቀጠለበት ፖሊፕሮፒሊን በጥቂቱ ካልተጨመረበት ቃጫውን አይዝም፤ ቀለምም በላዩ ላይ አይቆይም። ለትንንሽ ተጨማቂ ክፍሎች ካልሆነ አልሄድበትም። አርኬማ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የሚያመርተው ኤሊየም ግን ትኩረት ይገባዋል፤ እንደ ተራ ሬዚን ፈሳሽ ሆኖ በቫክዩም (አየር በመምጠጥ) ወደ ቃጫው ይሳባል፣ ከደረቀ በኋላ ደግሞ በሙቀት እንደገና ሊቀረጽ ይችላል። በጣሊያን ከተልባና ከዚሁ ሬዚን የውድድር ጀልባዎች ተሠርተዋል። እኔ ራሴ አልሠራሁበትም።

ስለ ክብደት አንድ ነገር ልጨምር። የተልባ ቃጫ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.5 ግራም ገደማ ሲሆን የመስታወት ክር 2.5 ግራም ይበልጣል፤ በወረቀት ላይ ትልቅ ቁጠባ ነው። በእጅና በሮለር ሲለበጥ ግን ቃጫው ሬዚን አብዝቶ ስለሚጠጣ ቁጠባው ይጠፋል፤ ሬዚን በበዛ ቁጥርም ለአካባቢ አስበን የመረጥነው ነገር ትርጉም ያጣል። ሲሳልና እንሰት ከተልባ ይልቅ ሻካራና ወፍራም ስለሆኑ ይህ ይብስባቸዋል፤ ቫክዩም ቢጠቀሙ ነው የምመርጥልዎት። (የአገራችን ተልባ ለዘሩ የሚዘራ ቢሆንም፣ በአውሮፓ ለጨርቅ ከሚበቅለው ጋር አንድ ዝርያ መሆኑን ሳውቅ ገርሞኝ ነበር።)

አሁን በመሥሪያችን ቃጫውን በምድጃ አድርቀን፣ እርጥበት መልሶ ሳይጠጣ ወዲያው ሬዚን እናስገባለን። ውሃ የሚነካውን የውጭ ገጽ አንድ ስስ የመስታወት ጨርቅ እናለብሰዋለን። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን ሁለት ጊዜ ኢፖክሲ እንቀባዋለን። ብሎን የሚገባበትን ቦታ ሰፋ አድርገን ሰርስረን በኢፖክሲ ሊጥ እንሞላዋለን፤ ሲደርቅ ሊጡን መሐል ለመሐል እንበሳዋለን፤ ብሎኑ ቃጫውን ጨርሶ አይነካም።

ለጥናትዎ ከአንድ ሰሌዳ ላይ ስድስት ቁራጭ ይቁረጡ፤ የሦስቱን ጠርዝ ይድፈኑ፣ የሦስቱን ይተዉ። ሁሉንም መዝነው ጨው ባለው ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ ክብደታቸው መጨመር እስኪያቆም ድረስ በየሳምንቱ እየጠረጉ ይመዝኑ፤ ከዚያም እነሱንም ያልተነከሩ ደረቅ ቁራጮችንም አጉብጠው ጥንካሬያቸውን ያወዳድሩ። ቁራጮቹን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ፎቶ ያንሷቸው፤ የቀለሙ መለወጥ ሚዛኑ ከማሳየቱ በፊት ከጠርዙ ወደ ውስጥ ሲገባ ይታያል።