አባቴ ፊልሙን አቋርጦ ወጣ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከአዘዞ ነው። ሰሞኑን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ከወላጆቼ ጋር ቤት ውስጥ አየን። ፊልሙ ወደ ኋላ ወደ ፊት ይዘላል። ምኑ ሕልም፣ ምኑ እውነት እንደሆነ ግራ ገባኝ። አባቴ በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር፤ ስለዚያ ዘመን አውርቶን አያውቅም። ወጣቶቹን ለውትድርና ሲያፍሷቸው የሚያሳየው ቦታ ላይ ሲደርስ ተነስቶ ወደ ግቢ ወጣ። እናቴ «ምን አስነካካሽው?» ብላ ተቆጣችኝ። ፊልሙን እንዴት ልረዳው? አባቴንስ ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከፊልሙ ልጀምር።

የፊልሙ ዋና ሰው አንበርብር ከጀርመን ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ አንድ እግሩ የለም። እንዴት እንዳጣው ራሱም አያስታውስም። ፊልሙ የሚሄደው እሱ በሚያስታውስበት ቅደም ተከተል ነው። ለዚህ ነው መንደር ተቀምጦ ሳለ ድንገት ጀርመን በተማሪነቱ የምናገኘው። ከዚያ የደርግ አዲስ አበባ ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ ልጅነቱ። አንቺ ግራ የገባሽን ያህል እሱም ግራ ገብቶታል። ዳይሬክተሩ ከአንበርብር ቀድመሽ እንድታውቂ አልፈለገም።

ሰው ሲጠይቀኝ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ሥዕሎች አነሳለሁ። ጎንደር አድገሽ ሳታያቸው አልቀረሽም። ስቅለቱም፣ ቅዱሳኑም፣ ሰማዕታቱም በአንድ ጊዜ ዙሪያሽን ናቸው፤ ከጣሪያው መላእክቱ ቁልቁል ያዩሻል። የቱ ቀደመ ብሎ የሚጨነቅ የለም። ዓይንሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ታሪኩ ይያያዛል። «ጤዛ»ንም እንደዚያ እዪው። «ይሄ እውነት ነው ሕልም?» የሚለውን ተዪና «አሁን ምን አስታወሰው?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ነገር ይፈታልሻል።

ይህ አካሄድ ዝም ብሎ የተዘበራረቀ እንዳይመስልሽ። ፊልሙ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ሲያገኝ፣ የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትም ተጨምሮለታል። በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። የጻፈው ደግሞ እዚሁ ጎንደር የተወለደ ሰው ነው። አባቱም ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ።

እናትየዋን ተከተያት። ፊልሙን የተሸከመችው እሷ ናት ብዬ አምናለሁ። ልጇ ምን እንደደረሰበት አታውቅም፤ ሰዉ መንፈስ ይዞታል ብሎ ጠበል ሲያስጠምቀው እንኳ ከጎኑ ናት። ጀርመን ውስጥ ያለው የተማሪዎች ክርክር ለእኔ ትንሽ ይረዝማል። ከመንደሩ ክፍል ግን አንዲት ደቂቃ እንዲቆረጥ አልፈልግም። በነገራችን ላይ ፊልሙ 140 ደቂቃ ነው። ሁለት ምሽት ላይ ከፍላችሁ ብታዩት ምንም ነውር የለውም።

ወደ አባትሽ ልምጣ። ተነስተው የወጡት ፊልሙን ጠልተው ላይሆን ይችላል። አፈሳውን ከየት በኩል ሆነው እንዳዩት አታውቂም፤ ሲታፈሱ ይሁን ሲያፍሱ። ጎንደር በቀይ ሽብርም ክፉኛ የተጎዳች ከተማ ናት። ብዙ ቤት ውስጥ ያ ዘመን አይነሳም። እናትሽም የተቆጣችሽ ይህንን ስለምታውቅ ይመስለኛል።

ስለዚህ «ለምን ወጣህ?» አትበያቸው። ስለ ጦርነቱም አትጠይቂ። አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ፣ እናትሽም ባለችበት፣ የፊልሙን እናት አንሺ። ከዚያ «አያቴስ አንተን እንዴት ነበር የጠበቀችህ?» በያቸው። ብዙ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ይዘጋል፤ ስለ እናቱ ሲጠየቅ ግን ልቡ ይራራል።

ከተናገሩ አታቋርጪ። ዓመተ ምሕረት አታርሚባቸው። አስመራ ጀምረው ድንገት ስለ ልጅነታቸው ቢያወሩ ተከተያቸው፤ አንበርብርን እንደተከተልሽው ማለት ነው። እናትሽ «ኧረ እንዲያ አልነበረም» ካለች ሁለቱንም ስሚ። ማን ልክ ነው ብለሽ ዳኛ አትሁኚ። ስልክ አውጥቶ መቅዳትም ለጊዜው ይቅር።

ካልተናገሩ ደግሞ አትግፊ። ቀሪውን ፊልም ከመክፈትሽ በፊት ግን «ልጨርሰው ነው፣ ትመጣለህ?» ብለሽ ንገሪያቸው። እምቢ ካሉ ከእናትሽ ጋር ጨርሱት። ስለዚያ ዘመን እሷም የምትነግርሽ አይጠፋትም።